አፄ ቴዎድሮስ፣ ኮሌራውና የዋጉ ሽፍታ

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይቸግራል። ተውኔት ተሠርቶላቸዋል፣ ልብ ወለድ ተጽፎላቸዋል፣ ሥዕላቸው በየሻይ ቤቱ ግድግዳና በየወጣቱ ካናቴራ ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው የታሪኩን ሁለት ጫፎች ነው። አንደኛው የቋራው ሽፍታ ንጉሠ ነገሥት የሆነበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመቅደላው ሽጉጥ ነው። በሁለቱ መካከል ንጉሡ ምን አገኛቸውና እንዲያ ተለወጡ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ጠባያቸው ከፋ፣ ጨካኝ ሆኑ፣ አበዱ ይባልና ይታለፋል። ይህ መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው ብዙም በማይወራለት በ1858 ዓ.ም. የበልግና የክረምት ወራት፣ በጣና ዳር በዘጌና በቆራጣ፣ ኋላም በደብረ ታቦር ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ በንጉሡ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ነበር።

ነገሩን መለስ ብዬ እንዳስብበት ያደረገኝ የኮቪድ 19 ዘመን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በነበሩት ወራት ብዙውን ሰው ያሠቃየው በሽታው ሳይሆን ጥበቃው ነበር። ነገ ማን ይታመማል? ሥራው ይዘጋ ይሆን? እህል ይጠፋ ይሆን? ምርጫው ካልተካሄደ ምን ይመጣል? ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሰው አካል ፊቱ የቆመውን አደጋና ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን አደጋ በቅጡ አይለይም። በሁለቱም ጊዜ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይርቃል። ፊት ለፊት የቆመው አደጋ ግን ወይ ይጥላል ወይ ያልፋል። የሚጠበቀው አደጋ ቀጠሮ ስለሌለው አያልፍም። ሰውየው ድሃ ገበሬ ከሆነ ጉዳቱ በራሱና በቤተሰቡ ላይ ያበቃል። ንጉሥ ከሆነ ግን የአገር ዕዳ ይሆናል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው የተወለደው። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ገና በሕፃንነቱ ስለሞቱበት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው እንዳሳደጉት ይነገራል። ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት ከዚህ ተነስተው ነው። ፊደል የቆጠረው ከጎንደር በስተምዕራብ በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነበር። እዚያ ሳለ እርስ በርስ ይዋጉ ከነበሩት መኳንንት የአንደኛው ጦር ገዳሙን ወርሮ ተማሪዎቹን ሲፈጅና ሲሰልብ ካሳ ከሞት ለጥቂት አመለጠ። ገዳም መጠጊያ እንዳልሆነ፣ የተኛ ሰው እንደሚታረድ በልጅነቱ ያየ ሰው ነው እንግዲህ። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ከዚያ በኋላ ያለው አወጣጥ የታወቀ ስለሆነ ፈጠን ብለን እንለፈው። በቋራ ሸፈተ፣ ጦር ሰበሰበ፣ አልገዛም ሲል የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፆች ጋር ገጥሞ የመድፍን ኃይል በሽንፈት ተማረ። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረገ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በአቡነ ሰላማ እጅ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ከጉር አምባ እስከ ደረስጌ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው። ጠላቱ ፊት ለፊት ሲቆም ካሳን የሚያህል አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ጠላት ከፊት ሲጠፋ ነው። ንጉሡ በየአገሩ ያሸነፏቸውን ባላባቶች ልጆች ይዘው መሄድ ጀመሩ። የሸዋው ሕፃን ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. ገና 11 ዓመቱ ላይ ተማርኮ ተወሰደ፤ በኋላም መቅደላ አምባ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልጅ አሳደጉት እንጂ አልጎዱትም፤ ይህ ሊመሰገኑበት ይገባል። ቢሆንም አምባው ዓመት በዓመት ሞላ። ከሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ የታሰሩት ስላደረጉት ነገር አልነበረም። ሊያደርጉ ይችላሉ ተብሎ ስለታሰበው ነገር ነበር። ሕግ ያጠና ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 26 ወንጀል ለመሥራት መሰናዳት እንኳ በመርህ ደረጃ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ሕግ አውጪዎች እዚህ ዘንድ የደረሱት ወንጀለኛን ስለሚወዱ አይደለም። ገና ያልተፈጸመን ነገር መቅጣት ከተጀመረ የት ላይ እንደሚቆም ማንም ስለማያውቅ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። ዋግ ማለት ሰቆጣን ይዞ በሰሜን እስከ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ፣ ደጋው ገብስ፣ ቆላው ፍየልና ማር የሚሰጥ አገር ነው። ገዥዎቹ ዋግሹም ይባላሉ፤ ዘራቸውንም ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን በስቅላት ቀጡ። ስለዚህ በሌላው አገር ቴዎድሮስ ሲባል ጀግና ብቻ የሚታየው ሰው፣ ዋግ ውስጥ ገመዱም አብሮ እንደሚታወስ ማወቅ ይኖርበታል። የተሰቀሉት ዋግሹም ልጅ ጎበዜ ውለው አድረው ሸፈቱ፤ ዋግንና ላስታንም ያዙ። አሳዳጅ ሲመጣ ወደ ገደላገደሉና ወደ ተከዜ በረሃ፣ ሲመለስ ወደ ደጋው የሚመላለስ ሽፍታ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። የአበርገሌን ሙቀትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

እንግዲህ በ1857 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ንጉሡ የነበሩበትን ሁኔታ እንመልከት። በ1850 ዓ.ም. የሚወዷት ተዋበች ሞታለች። ወዳጆቻቸው እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 ተከታትለው በሽፍቶች እጅ አልቀዋል። ለንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1862 የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ ቆንስል ካሜሮንን አስረዋል። ሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገብቷል። በዋግና በላስታ ጎበዜ አለ፣ በወልቃይት በኩል ጢሶ ጎበዜ አለ፣ በምዕራብ ደግሞ መድፉን የማይረሱት ግብፅ አለ። አንዳቸውም ፊት ለፊት አልመጡም። ሁሉም ይመጣሉ ተብለው የሚጠበቁ ነበሩ።

ኮሌራው የደረሰው በዚህ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ሰሞን መካ ላይ በርትቶ የተነሳው ወረርሽኝ በተጓዦች አማካይነት ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተዛመተ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮም ምጽዋ ገባ፤ ከዚያም በነጋዴው መንገድ ወደ ደጋው ወጣ። በዚያን ዘመን በሽታው በምን እንደሚተላለፍ የዓለም ሐኪሞችም ገና አልተስማሙም ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን የአንድን ሠፈር የውኃ ቧንቧ ተከትሎ ነገሩ ውኃ ወለድ መሆኑን ቢያመለክትም ብዙኃኑ ከመጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። እኛም አገር የነፋስ በሽታ የሚለው ስም ነበረው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ይቀበራል። ከየት እንደመጣ አይታይም፣ ቀጥሎ ማንን እንደሚወስድ አይታወቅም።

የንጉሡ ጦር ዘጌ ላይ ሰፍሮ ነበር። በሺሕ የሚቆጠር ሠራዊት ከነሚስቱ፣ ከነአሽከሩና ከነከብቱ በአንድ ሐይቅ ዳር ሲከትና ከዚያው ውኃ ሲቀዳ ምን እንደሚሆን ዛሬ የጤና ኬላ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ኮሌራው ገባ፤ ተስቦም ተከተለው። በዚህ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት ነገር ሊጤን ይገባል። እስረኞቹን ለማስፈታት ጥር 1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ በኩል ከመጡት ከራሳም ጋር ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበር። ሚያዝያ ላይ ግን እነዚህ መልእክተኞች ራሳቸው ታስረው ነበር። ንጉሡ ከራሳቸው እስረኛ ምክር ተቀበሉ። ሰፈሩን አፍርሰው በሰኔ ወር ሠራዊቱን በቆራጣ በኩል አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ አወጡት። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው አለቀ፤ ቢሆንም ከዚያ ሐይቅ ዳር መራቁ የሚሻለው ውሳኔ ነበር። አስቡት፤ ሰዉ እንደ ቅጠል እየረገፈ፣ ዝናቡ እየጀመረ፣ ንጉሡ አልሸሹም፣ ጠንቋይ አልሰቀሉም፣ ሐኪም ጠይቀው የተባሉትን አደረጉ። ያበደ ሰው ሥራ ይህ ነው?

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ደብረ ታቦር ደርሰው ከቆዩ ጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ወሬ ከንጉሡ ጆሮ ገባ። ቱርኮች በሱዳን በኩል የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ ነው፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ተባብረው ኢትዮጵያን ሊወጉ ነው የሚል። ወሬው ሐሰት ነበር። በዚያ ዘመን በሱዳን በረሃ ወደ እኛ የሚመጣ ሐዲድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሆኖም ኮሌራን ያህል ነገር ሳያስደነግጣቸው ያለፉት ሰው በዚህ ወሬ ተናወጡ። ራሳምንና ጓደኞቹን ለፍርድ አቁመው ስለ ሐዲዱ ጠየቋቸው። ሰዎቹ አናውቅም ቢሉም አልታመኑም። ሐምሌ 1858 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተወስደው በብረት ታሰሩ።

በሽታው ላይ ያን ያህል የተረጋጉት ንጉሥ ለወሬ እንዲህ የሆኑት ለምንድነው? የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ኮሌራ ሲመጣ የሚሠራ ሥራ ነበር፤ ድንኳን ይነቀላል፣ ሠራዊት ይነዳል፣ ሙት ይቀበራል። ሐዲዱ ግን ሊነቀል አይችልም፣ ምክንያቱም የለም። የሌለን ነገር መውጋት አይቻልም፤ ሊያዝ የሚችለው በእጅ ያለው ሰው ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውንም ሳስብ ይኸው ነው የሚታየኝ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 23 ቀን ሊካሄድ የታሰበው ምርጫ ተራዘመ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥታዊ ትርጉም ሰጠ። ትርጉሙ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን የሕግ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ሕጉን ትቼ ስሜቱን ብመለከት ግን፣ እያንዳንዱ ወገን ሌላው ነገ ያደርገዋል ብሎ ለፈራው ነገር ዛሬ መልስ ሲሰጥ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። አበርገሌም ከአውድማዎቹ አንዷ ሆነች። የተፈራው ቫይረስ ከመንገዱ ላይ እንኳ አልተወራለትም።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። የቤተ ክህነቱ ሰዎችና የከተማው ሕዝብ ለሽፍቶች ሊያድሩ ይችላሉ የሚለው ጥርጣሬ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ገበሬውም ለሽፍታ ያበላል ተብሎ ተመዘበረ። የተመዘበረ ገበሬ ደግሞ በእርግጥ ሽፍታ ይሆናል። በአንድ ወቅት በ60 ሺሕ ይገመት የነበረው ሠራዊት በበሽታና በርሃብ፣ ከሁሉም በላይ በኩብለላ ወደ 10 ሺሕ ገደማ ወረደ። የከዳው ወታደር ሲበዛ ሊከዳ ይችላል ተብሎ የሚቀጣው በዛ፤ የሚቀጣው ሲበዛ የሚከዳው በዛ። የጎበዜ ጦር ያደገው አንድም ትልቅ ውጊያ ከንጉሡ ጋር ሳይገጥም ነው።

ለመሆኑ ጎበዜስ ደፋር ነበሩ? የአገሬ ሰው አይቀየመኝና እሳቸውም በፍርሃት የተያዙ ነበሩ። መቅደላ ላይ ያሉት እስረኞች ጎበዜ ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያሉ ጠበቁ፤ ጎበዜ አምባው አካባቢ ይደርሱና ይመለሳሉ። ምኒልክም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦር ይዘው እስከ መቅደላ አቅራቢያ መጥተው ነበር፤ እሳቸውም ሳይዋጉ ተመለሱ። ንጉሡ ግን በዚያ ጊዜ በተራሮች መካከል ከጥቂት ሺሕ ሰው ጋር መድፍ እየጎተቱ ነበር። ሁለቱ ቢተባበሩ ኖሮ የእንግሊዝ ጦር መምጣት ባላስፈለገ ነበር። የፈሩት የፊተኛውን ቴዎድሮስ፣ የአይሻሉንና የደረስጌውን ሰው ነበር። ያ ሰው ግን አልነበረም።

መድፉ ሴባስቶፖል ነው። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ይህን መድፍ በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን ባለ እጆች ቀልጠው ሠሩት። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በ1860 ዓ.ም. መባቻ ተነሱና ስድስት ወር ያህል በገደል ላይ መንገድ እየቀደዱ፣ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መቅደላ አደረሱት። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ሳነብ ደስ የሚለኝ ምዕራፍ ይህ ብቻ ነው። ጠዋት ተነስቶ የሚቆፈር ድንጋይ ያለው ሰው ለወሬ ጊዜ የለውም። እርግጥ መድፉን የጎተተው የገበሬው ትከሻ መሆኑን አልረሳሁም።

በታኅሣሥ 1860 ዓ.ም. ገደማ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ዙላ ላይ ወረደ። 13 ሺሕ የሚሆን ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ የመጣው እስረኞቹን ለማስፈታት ነው። ማለትም ንጉሡ ወረራን ፈርተው ያሰሯቸው ሰዎች የወረራው ምክንያት ሆኑ። እንግሊዞቹ ዙላ ላይ ካደረጓቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ደግሞ ወደ ኩማይሌ የሚሄድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የሌለው ሐዲድ አሁን በእርግጥ ተዘረጋ። የትግራዩ ካሳ ምርጫ መንገድ ሰጡ፣ እህልም ሸጡ። ጎበዜም በዋግና በላስታ ዳርቻ ሲያልፍ አላገዱትም።

ጠላት በመጨረሻ ፊት ለፊት ሲመጣ ንጉሡ እፎይ ያሉ ይመስላሉ። ከመቅደላ ሆነው የናፒየርን ጦር ሰልፍና ሥርዓት በአድናቆት እንደተመለከቱ ይነገራል። ያም ሆኖ ከውጊያው በፊት በነበረው ቀን ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በገደል አስወረወሩ። ብዙዎቹ ከጥርጣሬ በስተቀር ወንጀል ያልነበረባቸው ናቸው። ይህንን ለማለስለስ የሚሞክር የታሪክ ጸሐፊ ሲገጥመኝ መጽሐፉን እዘጋለሁ። በማግስቱ ሚያዝያ 3 ቀን፣ ስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ 700 ያህል ሰው አለቀባቸው፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል። አውሮፓውያኑን እስረኞች በሙሉ፣ ራሳምንም ብላንክንም፣ አንድ ፀጉራቸው ሳይነካ ለቀቁ። ታማኞቻቸውን ሂዱ ብለው አሰናበቱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ በተበረከተላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እጃቸውን ለመስጠት ያልፈቀዱትን ያህል፣ በእጃቸው ያሉትን ለመጉዳትም በመጨረሻው ሰዓት አልፈቀዱም።

ዋግሹም ጎበዜ በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የፈሩት ሰው ሞቷል። አሁን ደግሞ የሚፈሩት የሚስታቸው የድንቅነሽ ወንድም፣ ካሳ ምርጫ ሆኑ። ካሳ እንግሊዞች ሲመለሱ የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ከግብፅም ጳጳስ አስመጡ። ተክለ ጊዮርጊስ ጳጳስም መድፍም አልነበራቸውም፤ ያላቸው የሰው ብዛት ነበር። አማቻቸው ሳይጠነክሩ ልቅደም ብለው ወደ ትግራይ ዘመቱ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ አሳም ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ዓይናቸውም እንዲጠፋ ተደረገ። ካሳ አፄ ዮሐንስ ተብለው አክሱም ላይ ሲነግሡ፣ የዋጉ ሰው ከአበርገሌ በስተሰሜን ባለው ተምቤን፣ እንዳ አባ ሰላማ አምባ ላይ እስረኛ ነበሩ። እዚያው ሞቱ።